ዛፍ ለምን እዚህ በቅሎ እዚያ ይቀራል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ እትም የመለስናቸው ጥያቄዎች በሙሉ የአየር ንብረት ዛፎችን እንዴት እንደሚቀርጽና የት እንደሚያኖራቸው የሚጠይቁ ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥረናል፤ መልሶቹን ግን ጠያቂው ወጥቶ ሊሠራባቸው እስኪችል ድረስ አስፍተናል። አንድ ነገር አስቀድመን እንበል። ስለ ዛፍና ስለ አየር ንብረት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አማካይ ሙቀትና አማካይ ዝናብ ነው። አማካዩ ግን ዛፍ አይገድልም። የሚገድለው አልፎ አልፎ የሚመጣው ከባድ ውርጭ ወይም ጽኑ ድርቅ ነው፤ እሱም ቢሆን ክንዱ የሚበረታው ገና ሥር ባልሰደደ ቡቃያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ተራራ ላይ ደኑ አንድ ከፍታ ላይ ሲደርስ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ ሣርና ቁጥቋጦ ብቻ ነው። ዛፉ ምን አጥቶ ነው? ብርሃን እንደሆነ ወደ ላይ ሲወጣ ይበዛል እንጂ አያንስም።

መልስ፦ ልክ ብለዋል፤ ብርሃን አያጥረውም። ምግብም አያጥረውም። በደን ወሰን ላይ የሚኖሩ ዛፎች እንጨት ሲመረመር ስኳርና ስታርች በበቂ መጠን ተከማችቶበት ይገኛል። ችግሩ ያንን ምግብ ወደ አካል መለወጡ ላይ ነው። ቅጠል ሙቀቱ ወደ ዜሮ ቢጠጋም ምግብ ማዘጋጀቱን ይቀጥላል። ሕዋስ መከፋፈሉና አዲስ እንጨት መሥራቱ ግን ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ከሞላ ጎደል ይቆማል። ጎተራው ሞልቶ ግንበኛው እጁ ደንዝዞ ቆመ ማለት ነው።

ለዚህ ነው በዓለም ዙሪያ የደን የላይኛው ወሰን በአንድ ዓይነት ሙቀት ላይ የሚገኘው፤ የእድገት ወቅቱ አማካይ ሙቀት ከ6 እስከ 7 ዲግሪ በሚሆንበት ቦታ። ከፍታው ከአገር አገር በእጅጉ ይለያያል። በአልፕስ ተራሮች ከ2,000 እስከ 2,400 ሜትር አካባቢ ሲያበቃ፣ ቦሊቪያ ውስጥ በሳሃማ እሳተ ገሞራ ጥግ ላይ ፖሊሌፒስ የሚባለው ዛፍ ወደ 5,000 ሜትር ይደርሳል። በሳይቤሪያው የታይሚር ልሳነ ምድር ደግሞ ወሰኑ ሜዳ ላይ ነው፤ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 72 ዲግሪ ተኩል ላይ።

ሣሩና ድንክ ቁጥቋጦው ከወሰኑ በላይ የሚኖረው ብርድን ከዛፍ ይልቅ ስለሚችል አይደለም። መሬት ላይ ተለጥፎ ስለሚያድግ ፀሐይ ሲወጣ ከአየሩ በብዙ ዲግሪ ይሞቃል። ዛፍ ግን ነፋስ ውስጥ ስለሚቆም የራሱን ሙቀት ይዞ መቆየት አይችልም፤ አየሩ በቀዘቀዘ ልክ ይቀዘቅዛል። በምድር ወገብ አካባቢ ባሉ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ከዚህ ለየት ያለ መላ የዘየዱ ተክሎች አሉ። የኢትዮጵያው ጅባራ፣ በኬንያና በኪሊማንጃሮ ተራሮች ላይ ያለው ዴንድሮሴኔሲዮ፣ የአንዲሱ ኤስፔሌቲያ ሦስቱም ቀን ሙቀት ሌሊት ውርጭ በሚፈራረቅበት ምድር ይኖራሉ። ጅባራ የዴንድሮሴኔሲዮ ወገን አይደለም፤ ሆኖም ሁለቱም ግዙፍ የቅጠል ክምር አናታቸው ላይ ተሸክመው ሌሊት ቅጠላቸውን በለጋው ጫፍ ዙሪያ ይሰበስባሉ። በኤስፔሌቲያና በዴንድሮሴኔሲዮ ላይ የደረቁት ቅጠሎች ሳይረግፉ ግንዱን ከብበው ይቀራሉ። ያ ድርቆሽ ከተነሣ በግንዱ ውስጥ ያለው ውኃ ሌሊት በረዶ ይሆናል፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ቅጠሉ ውኃ ይለምናል፣ ግንዱ ግን ማድረስ አይችልም። የደረቀ ነውና ምን ይጎዳል ብሎ መግፈፍ ተክሉን መግደል ነው።

ያዩት የደን ወሰን በእርግጥ የአየር ንብረት ወሰን መሆኑን ማወቅ ከፈለጉ መለኪያው ቀላል ነው። ሰዓት በሰዓት የሚመዘግብ አነስተኛ የሙቀት መመዝገቢያ በመጨረሻዎቹ ዛፎች ጥላ ሥር 10 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ ቅበሩና አንድ ዓመት ሙሉ ተዉት። የአፈሩ ሙቀት ከ3.2 ዲግሪ በላይ የሆነባቸውን ቀናት እንደ እድገት ወቅት ቁጠሩና አማካዩን አውጡ። ውጤቱ ከ6 እስከ 7 ከሆነ ዛፉን ያቆመው ብርድ ነው። ለምሳሌ 9 ቢሆንስ? ሙቀት በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ደኑ ገና ወደ 400 ሜትር ያህል መውጣት ይችል ነበር ማለት ነው፤ ያስቀረው እሳት፣ ምሳር ወይም ግጦሽ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት መመዝገቢያውን ፀሐይ በሚያገኘው ሣር ሥር በመቅበር ነው፤ እዚያ የሚገኘው ቁጥር የሣሩ እንጂ የዛፉ ሙቀት አይደለም።

ጥያቄ፦ አንዳንድ ዛፍ አንድ ሌሊት ውርጭ ሲመታው ይደርቃል፤ ሌላው ደግሞ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ይችላል ይባላል። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

መልስ፦ ልዩነቱ ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ ውኃ በሚያመላልሱት ቧንቧዎችና በሕያዋን ሕዋሳት ውስጥ።

ከቧንቧዎቹ እንጀምር። ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ የተሟሟበትን አየር ይተፋል። በረዶው ሲቀልጥ ያ አየር አረፋ ሆኖ ይቀራል። ቧንቧው ጠባብ ከሆነ አረፋው ትንሽ ስለሚሆን ተመልሶ ይሟሟል። ሰፊ ከሆነ ግን ቅጠሉ ከላይ በሚስበው ጉልበት እየተለጠጠ ቧንቧውን ይዘጋዋል። ወሰኑም በደንብ ይታወቃል፤ አማካይ ስፋታቸው ከ30 ማይክሮሜትር (አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በታች የሆኑ ቧንቧዎች ከበረዶ በኋላ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፣ ከ44 ማይክሮሜትር በላይ የሆኑት በቀላሉ ይዘጋሉ። መርፌ ቅጠል ያላቸው የጥድ ዘመዶች ቧንቧቸው በአብዛኛው ጠባብ ነው፤ የቀዝቃዛ ምድር ጌቶች የሆኑትም በዚህ ነው። ታዲያ ሁሉም ዛፍ ለምን ጠባብ ቧንቧ አልያዘም? ዋጋው ውድ ስለሆነ ነው። የቧንቧ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ የሚያሳልፈው ውኃ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ሙቀትና ዝናብ በሞላበት ቆላ ጠባብ ቧንቧ የያዘውን ዛፍ ባለ ሰፊ ቧንቧው በእድገት ይቀድመዋል፣ ጥላ ይጥልበታል፣ በመጨረሻም ያስወጣዋል።

ኦክ መካከለኛ መንገድ መርጧል። በፀደይ መጀመሪያ የሚሠራቸው ቧንቧዎች ከ200 ማይክሮሜትር ይሰፋሉ፤ እነሱም በክረምቱ በረዶ ይዘጉና በቀጣዩ ዓመት አዲስ ረድፍ ይሠራል። ኦክ ከጎረቤቶቹ ዘግይቶ ቅጠል የሚያወጣው ለዚህ ነው፤ አስቀድሞ ቧንቧውን ማደስ አለበት። የተቆረጠ የኦክ ግንድ ላይ በዓይን የሚታዩት የቀዳዳ ቀለበቶች እነዚሁ ናቸው።

ወደ ሕያዋን ሕዋሳት ስንመጣ ሁለት ስልት አለ። ኦክና መሰሎቹ በሕዋሳቸው ውስጥ ያለውን ውኃ ከዜሮ በታች ወርዶም ሳይረጋ ያቆዩታል። ይህ ግን እስከ 40 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ከዚያ በታች ውኃው በቅጽበት በረዶ ሆኖ ሕዋሱን ይገድላል። የብዙ እንዲህ ዓይነት ዛፎች ሰሜናዊ ወሰን ሙቀት አልፎ አልፎ ከዜሮ በታች 40 ከሚደርስበት መስመር ጋር የሚገጥመው በዚህ ምክንያት ነው። በርች፣ አኻያና ፖፕላር ሌላ ያደርጋሉ። ውኃቸውን ቀስ በቀስ ከሕዋሱ አውጥተው በረዶው ከውጭ እንዲሠራ ይተዉታል። በደንብ የተለማመደ የአኻያ ቅርንጫፍ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ተነክሮ በሕይወት እንደወጣ በሙከራ ታይቷል። በሳይቤሪያዋ ያኩቲያ የሚኖረው ላርች የሚባለው የጥድ ዘመድ በዚህ ላይ መርፌ ቅጠሉንም ያረግፋል፤ መሬቱ በረዶ ሆኖ ሥሩ ውኃ በማያገኝበት ጊዜ የክረምት ፀሐይ ቅጠሉን እንዳያደርቀው።

እዚህ ላይ «በደንብ የተለማመደ» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው። ልምምዱ የሚጀምረው ቀን ሲያጥር ነው፤ ዛፉ እድገቱን ያቆማል። ቀጥሎ ለሳምንታት ዜሮ አካባቢ የሚዋልል ብርድ ያስፈልገዋል። ያው የክረምቱ ብርቱ ቅርንጫፍ በእድገት ላይ ሳለ ከዜሮ በታች በጥቂት ዲግሪ ብቻ ይሞታል። ስለዚህ አንድ ዛፍ «ብርድ ይችላል» ሲባል በየትኛው ወር ብለው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በምድር ወገብ አካባቢ ጥቂት ሄክታር ደን በመላው ሰሜን አውሮፓ ካለው የበለጠ የዛፍ ዝርያ ይይዛል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ደግሞስ አውሮፓ ከምሥራቅ እስያ ጋር በተመሳሳይ ኬክሮስ ላይ ሆኖ ለምን ይህን ያህል በዛፍ ደኸየ?

መልስ፦ እውነት ነው። በኢኳዶር ያሱኒ በ25 ሄክታር ውስጥ ከ1,100 በላይ የዛፍ ዝርያ ተቆጥሯል። ምክንያቱ ከላይ ካነሣነው ውርጭ ጋር የተያያዘ ነው። አብዛኞቹ የአበባ ዛፍ ወገኖች የተወለዱት ምድር ዛሬ ካለችበት በጣም ሞቃት በነበረችበት ዘመን ነው። የዛሬ 45 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዛሬ ዛፍ በማይበቅልበት የካናዳው አክሰል ሃይበርግ ደሴት ላይ ሜታሴኮያ የሚባል ዛፍ ደን ሠርቶ ነበር፤ ጉቶዎቹ እስካሁን አሉ። ከዚያ በኋላ ምድር ቀዘቀዘች፤ የዛሬ 34 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አንታርክቲካ በረዶ ለበሰች። ውርጭን መልመድ ብዙ የአካል ለውጥ በአንድ ጊዜ ስለሚጠይቅ ጥቂት ወገኖች ብቻ ተሻገሩት፤ የቀሩት ሙቀቱን ተከትለው ወደ ምድር ወገብ ተሰበሰቡ። የሚገርመው፣ ከተሻገሩት ውስጥ ብዙዎቹ ጠባብ ቧንቧ የያዙት ውርጭ ከመድረሱ በፊት ነው፤ ለሌላ ችግር ያበጁት መሣሪያ ለውርጭ ጠቀማቸው።

የአውሮፓ ድህነት ግን የተራሮች አቀማመጥ ያመጣው ነው። ማግኖሊያ፣ ቱሊፕ ዛፍ፣ ሂከሪ፣ ሄምሎክና ሴኮያ ከበረዶ ዘመናት በፊት አውሮፓ ውስጥ እንደነበሩ ቅሪተ አካላቸው ይመሰክራል። በረዶው ከሰሜን ሲገፋ ዛፎቹ ወደ ደቡብ መሸሽ ነበረባቸው፤ ፒሬኒስ፣ አልፕስና ካርፓቲያን ግን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ተጋድመዋል፣ ከኋላቸውም ሜዲትራኒያን ባሕር አለ። በሰሜን አሜሪካ ተራሮቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚዘረጉ መንገዱ ክፍት ነበር። በምሥራቅ እስያም እስከ ሐሩር ክልል የሚያደርስ እርጥብ ምድር ነበር። ሜታሴኮያ እ.ኤ.አ. በ1941 ከቅሪተ አካል ብቻ ተገልጾ፣ ጠፍቷል በተባለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሕይወት የተገኘው ማዕከላዊ ቻይና ውስጥ መሆኑ ከዚህ ጋር ይሄዳል።

የተረፉትስ እንዴት ተመለሱ? በረዶው ከ21,000 ዓመት በፊት ጫፍ ላይ በደረሰ ጊዜ የአውሮፓ ኦክ በኢቤሪያ፣ በጣሊያንና በባልካን ተጠግቶ ነበር። በቅጠሉ አረንጓዴ ክፍል (በክሎሮፕላስት) ውስጥ ያለው የኦክ ዲኤንኤ ከእናት ብቻ ስለሚወረስ የፍሬው ጉዞ ዛሬም ሊነበብ ይችላል። እንግሊዛዊው ክሌመንት ሪድ እ.ኤ.አ. በ1899 ያነሣው እንቆቅልሽ ይኸው ነው። ኦክ ፍሬ ለመስጠት 30 ዓመት ቢፈጅና ፍሬው ከእናቱ 30 ሜትር ርቆ ቢወድቅ፣ ጉዞው በዓመት 1 ሜትር ነው፤ በ10,000 ዓመት 10 ኪሎ ሜትር ብቻ። ኦክ ግን በዚያው ጊዜ ውስጥ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። የመልሱ አንዱ ክፍል ጄይ የምትባለው ወፍ ናት፤ በአንድ ወቅት በሺህ የሚቆጠሩ ፍሬዎችን እየወሰደች ትቀብራለች፣ የረሳችው ይበቅላል። ሌላው ክፍል ጥቂት ዛፎች ከታሰበው በላይ ወደ ሰሜን ተደብቀው መትረፋቸው ነው።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። የዛፍ ስርጭት ካርታ ዛፉ ሊኖርበት የሚችለውን ቦታ ሁሉ አያሳይም፤ የደረሰበትን ብቻ ነው የሚያሳየው። ራዲያታ ፓይን የሚባለው መርፌ ቅጠል ዛፍ በተፈጥሮው የሚገኘው በካሊፎርኒያ ጠረፍ ላይ ባሉ ሦስት ጠባብ ቦታዎችና በሁለት የሜክሲኮ ደሴቶች ብቻ ነው። በኒውዚላንድና በቺሊ ግን ሰፋፊ የተተከሉ ደኖች ሆኖ ይኖራል።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ የአየር ንብረትን ከቅጠል ማንበብ ይቻላል የሚለውን ራሳቸው እንዲሞክሩት እፈልጋለሁ። ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ ዘዴ አለ?

መልስ፦ አለ፤ ከሁሉም የምንወደው ይህን ነው። አሜሪካውያኑ ኧርቪንግ ቤይሊና ኤድመንድ ሲኖት እ.ኤ.አ. በ1915 እና በ1916 እንዳሳዩት፣ ቦታው በሞቀ ቁጥር ጠርዘ ልሙጥ ቅጠል ያላቸው ዝርያዎች ድርሻ ይጨምራል፤ በቀዘቀዘ ቁጥር ጥርሳሙ ይበዛል። የቅሪተ አካል ተመራማሪዎች በሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ሙቀት የሚገምቱበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ምክንያቱን በተመለከተ አሳማኙ ማብራሪያ፣ ጥርሶቹ ቅጠሉ ገና ለጋ ሳለ ቀድመው ሥራ ይጀምራሉ፣ ውኃም ይስባሉ የሚለው ነው፤ የእድገት ወቅት አጭር በሆነበት ቦታ ያ ጥቂት ሳምንት ትልቅ ጥቅም ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ የተፈጥሮ ደን ምረጡ፤ ከወንዝ ዳር ራቁ። ሰፊ ቅጠል ያላቸውን አገር በቀል ዛፎችና ቁጥቋጦዎች በሙሉ ሰብስቡ። መርፌ ቅጠል ያላቸውን፣ ዘንባባን፣ ቀርከሃንና ከሌላ አገር መጥተው የተተከሉትን ተዉ። ቢያንስ 20፣ ቢቻል 30 ዝርያ ያስፈልጋል። ከእያንዳንዱ ከጥላውም ከፀሐዩም ጎን አምስት ስድስት ቅጠል ውሰዱ። የሚቆጠረው ዝርያ ነው፤ አንዱ ዝርያ መቶ ዛፍ ቢኖረውም አንድ ነው።

ቅጠሉን ወደ ብርሃን ዘርጉትና 10 ጊዜ በሚያጎላ ሌንስ ጠርዙን እዩ። እውነተኛ ጥርስ የቅጠሉ ደም ሥር ይገባበታል። ነፍሳት የበሉት ጎድጓዳ ጥርስ አይደለም፤ እሾህም አይደለም፤ ቅጠሉ በጣቶች ቢከፈልም ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ልሙጥ ነው። ልሙጡን 1፣ ጥርሳሙን 0፣ ሁለቱም የሚታይበትን ዝርያ 0.5 ስጡና ድምሩን ለዝርያው ቁጥር አካፍሉ። የተገኘውን በ30.6 አባዙና 1.14 ደምሩ። ከ30 ዝርያ 21ዱ ልሙጥ፣ 2ቱ ድብልቅ ቢሆኑ ድምሩ 22 ነው፤ ለ30 ሲካፈል 0.733፤ ዓመታዊው አማካይ ሙቀት 23.6 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ከአቅራቢያ የአየር ጠባይ ጣቢያ ካለው ቁጥር ጋር አስተያዩት።

በ30 ዝርያ ብቻ የሚመጣው ስሕተት በሁለቱም አቅጣጫ 2.5 ዲግሪ ያህል ስለሆነ፣ ውጤቱ በአንድ በሁለት ዲግሪ ቢለይ አትደንግጡ። በ5 ዲግሪ ዝቅ ካለ የወንዝ ዳር ዛፎች ገብተው ይሆናል፤ እዚያ ጥርሳም ቅጠል ስለሚበዛ ቦታው ቀዝቃዛ ይመስላል። ከፍ ካለ ደግሞ ደረቅ ምድር ላይ ሠርታችሁ ይሆናል፤ ቀመሩ የወጣው ከምሥራቅ እስያ እርጥብ ደኖች ነው፣ በደረቅ ቦታ ትናንሽ ልሙጥ ቅጠሎች ያሳስታሉ። አውስትራሊያና ኒውዚላንድም የራሳቸውን ቀመር ይፈልጋሉ፤ የዛፎቻቸው ታሪክ የተለየ ነውና።

ጥያቄ፦ ሁለት ቦታ እኩል ዝናብ እያገኙ አንዱ ጥቅጥቅ ደን፣ ሌላው ግራር የተበተነበት ሣር የሆነው ለምንድን ነው?

መልስ፦ በእሳት። በአፍሪካ ዓመታዊ ዝናብ ከ650 ሚሊሜትር ገደማ በታች በሆነበት ቦታ የዛፉን ብዛት የሚወስነው ውኃ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ዛፎቹ ገጥመው ደን ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚከለክላቸው እሳትና ግጦሽ ነው። በናይጄሪያ ኦሎኬሜጂ እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ በተካሄደው ሙከራ ከእሳት የተጠበቀው መሬት ላይ የደን ዛፎች ገብተዋል፤ በየዓመቱ የተቃጠለው ጎረቤቱ ሜዳማ ሆኖ ቀርቷል። ቡቃያ ከነበልባሉ በላይ ቁመት እስኪያወጣ ወይም ቅርፊቱ እስኪወፍር ድረስ በየዓመቱ ተቃጥሎ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። በደቡባዊ አፍሪካ ይህን እስከ ጫፉ የወሰዱ አሉ፤ ግንዳቸውንና ቅርንጫፋቸውን አፈር ውስጥ ቀብረው ቅጠላቸውን ብቻ ከመሬት በላይ የሚያወጡ ዛፎች። ፓሪናሪ ካፔንሲስ አንዱ ነው፤ የቅርብ ዘመዱ ግን ረጅም ዛፍ ነው።

ጥያቄ፦ ዝርያው አንድ ሆኖ ከሌላ አካባቢ ያመጣነው ዘር በጥሩ ሁኔታ በቅሎ በሦስተኛው ዓመት ደረቀ። ችግኙ ጤነኛ ነበር። ምን አጠፋን?

መልስ፦ የዝርያ ስም የአየር ንብረት ዋስትና አይሆንም። ቀይ ባሕር ዛፍን ይውሰዱ። መላውን አውስትራሊያ የሚያቋርጥ ስርጭት አለው፤ ከሰሜኑ፣ ከፔትፎርድና ከካትሪን የሚመጣው ዘር ዝናቡ ከሙቀት ጋር ለሚመጣበት ሐሩር ምድር ይስማማል። ከደቡብ፣ ከአልባኩትያ ሐይቅ የሚመጣው ደግሞ ዝናቡ በብርድ ወራት ለሚዘንብበት። ስማቸው አንድ ነው፤ ቢቀያየሩ ግን ይከስራሉ።

ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ሌላ ወጥመድ አለ፤ የቀን ርዝማኔ። የሰሜን ፖፕላር ወደ ደቡብ ሲወሰድ ቀኑ ያጠረበት ስለሚመስለው በበጋው እኩሌታ እድገቱን አቁሞ ድንክ ይሆናል። የደቡቡ ወደ ሰሜን ሲወሰድ ረጅሙ ቀን ያታልለውና ውርጭ እስኪመጣ ድረስ ያድጋል፤ ሳይለማመድ ይያዛል።

ሦስተኛው ዓመት ላይ መሞቱ ራሱ ይናገራል። ጽኑ ድርቅ ወይም ውርጭ ያን ዓመት መጥቶ ከሆነ፣ የዘሩ ምንጭ እንዲህ ያለውን አያውቅም ማለት ነው። ዘር ከመቀበላችሁ በፊት የተለቀመበትን ኬክሮስ፣ ከፍታ፣ የዝናብ ወራትና ዝቅተኛውን ሙቀት ጠይቁ። መረጃ የሌለውን ዘር አትቀበሉ፤ ነፃ ቢሆንም ውድ ነው። ከፍታ ሲለይ በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ብላችሁ አስሉ። ራሳችሁ ስትለቅሙ ከ25 እስከ 30 እናት ዛፎች፣ በመካከላቸው ወደ 100 ሜትር ርቀት ያላቸው ይሁኑ፤ ከእያንዳንዱ እኩል መጠን ውሰዱ። ብቻውን ከቆመ ዛፍ አትልቀሙ፤ በራሱ የአበባ ዱቄት ስለሚዳቀል ዘሩ ደካማ ነው፣ ድካሙም የሚታየው ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ሳይሆን ከተተከለ በኋላ ነው። መሬቱን ሁሉ ከመሸፈናችሁ በፊት ከሦስት እስከ አምስት የዘር ምንጭ በትናንሽ መደቦች፣ እያንዳንዱን ቢያንስ ሦስት ቦታ ደግማችሁ ሞክሩ። የመጀመሪያው ዓመት ጽድቀት ያሳስታል፤ አንድ ክፉ ዓመት ሳያልፍ አትፍረዱ።

ጥያቄ፦ ዛፎች ከዚህ በፊት የአየር ንብረት ለውጥን አልፈዋል። አሁንም በዝግመተ ለውጥ አይላመዱም?

መልስ፦ የመላመድ አቅማቸው ትልቅ ነው። በአንድ ደን ውስጥ ያሉ የአንድ ዝርያ ዛፎች በባሕርይ በጣም ይለያያሉ፤ የአበባ ዱቄትም ከሩቅ ይመጣል፤ አንድ ዛፍ በዕድሜው ከሚጥለው ስፍር ቁጥር የሌለው ዘር የሚተርፈው ጥቂት ስለሆነ ምርጫው ጽኑ ነው። የሚያሳስበው ፍጥነቱ ነው። ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ያንኑ ሙቀት ለማግኘት ተራራ ላይ 170 ሜትር ያህል መውጣት ይበቃል፤ ሜዳ ላይ ግን ወደ ዋልታ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ያስፈልጋል። በዚህ ምዕተ ዓመት የሙቀት ቀጠና በዓለም አማካይ በዓመት 400 ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል ተብሎ ተገምቷል። ጄይ የረዳችው ኦክ እንኳ በዚህ ፍጥነት ዘወትር አልሄደም፤ ዛሬ ደግሞ በመንገዱ ላይ እርሻና ከተማ አለ።

ድርቁም የሚያስፈራው ደረቅ ምድርን ብቻ አይደለም። በ226 የደን ዝርያዎች ላይ የተሰበሰበ መረጃ፣ 70 በመቶዎቹ ቧንቧቸው በአየር ሊዘጋ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ውኃ እየሳቡ እንደሚኖሩ አሳይቷል፤ የእርጥብ ደን ዛፎችም ጭምር። እያንዳንዱ ዛፍ ራሱን ያስተካከለው ለለመደው ድርቅ ልክ ነው፤ ትርፍ መጠባበቂያ አልያዘም።

የቆሙት ትላልቅ ዛፎች ደኑ ጤነኛ ነው ብለው ሊያታልሉን ይችላሉ፤ ዛሬ ቡቃያቸው ሊወጣ በማይችልበት ቦታ መቶ ዓመት ሊቆሙ ይችላሉና። ስለዚህ ከላይ ሳይሆን ከሥር ቁጠሩ። በደኑ ውስጥ 20 በ20 ሜትር የሆኑ አሥር መደቦች ከልሉ፤ አምስቱን እጠሩ፣ አምስቱን ክፍት ተዉ። በየዓመቱ በአንድ ወር ውስጥ ቡቃያን ከ50 ሴንቲሜትር በታች፣ እስከ 1.5 ሜትር፣ ከዚያ በላይ ብላችሁ በየዝርያው መዝግቡ። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በኋላ በአጥሩ ውስጥ በዝቶ በውጭ ከሌለ ጠላቱ ግጦሽ ነው። በሁለቱም በዝናብ ወራት እየበቀለ በደረቁ ወራት እየሞተ ካለቀ፣ የአየር ንብረቱ ከቡቃያው አቅም አልፏል። ያኔ ከዚያው ዝርያ፣ ከእናንተ ይልቅ ሞቃትና ደረቅ ከሆነ ቦታ የተለቀመ ዘር መቀላቀል ይሞከራል። በመጀመሪያ ከአካባቢው ዘር ያነሰ ድርሻ ስጡት፤ ከሞቃት ቦታ የመጣው ውርጭን ላያውቅ ይችላልና። ውርጭ የሚተኛባቸውን ጎድጓዳ ቦታዎች ለአካባቢው ዘር ተዉለት።